ግድግዳውንስ ማን መረመረው?



ባላገር በሬ ሊገዛ ወደ ገበያ ሲወርድ ብቻውን አይሄድም፤ ከብት የሚያውቅ ጎረቤቱን አስከትሎ ይወርዳል። ያም ጎረቤት የበሬውን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ይመለከታል፤ ጀርባውን ይዳስሳል፤ ወዲያና ወዲህ አስነድቶ አረማመዱን ያጠናል። ሻጩም በዚህ አይቀየምም፤ እርሱም በተራው ሲገዛ እንዲሁ ያደርጋልና። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለጥቂት ዓመት እርሻ ነው። እኛ የከተማ ሰዎች ግን የዕድሜ ልካችንን ጥሪት አውጥተን፣ በላዩም ብድር ጨምረን፣ ልጆቻችንን የምናሳድግበትን ቤት ስንገዛ፣ ክፍሉን ቆጥረን፣ ቀለሙን አድንቀን፣ በዋጋው ተከራክረን እንፈርማለን። የበሬውን ጥርስ ያህል እንኳ የቤቱን መሠረት ያየልን ሰው የለም።

ይህን የምንጽፈው በሌላው ስሕተት ለመሳለቅ አይደለም። ስሕተቱን አስቀድመን የሠራነው እኛው ነን።

በ2003 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በቂርቆስ ክፍለ ከተማ አንዲት አነስተኛ ቤት ገዛን። ገንዘቡ የአምስት ዓመት ዕቁብ፣ ከዘመድ የተገኘ ብድርና ባለቤታችን ከአያቷ የወረሰችው ወርቅ ዋጋ ነበረ። ሰነዱን በተመለከተ ማንም ሊወቅሰን አይችልም። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውን አየን፤ የግብሩን ደረሰኝ አገላበጥን፤ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት አስጠየቅን፤ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ተስማማን፤ ውልና ማስረጃም ቀርበን ፈረምን። ቤቱን ግን ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ሁለቱንም ጊዜ በጠራራ ፀሐይ፣ ሁለቱንም ጊዜ ቡና እየጠጣን ነበር ያየነው። አዲስ ቀለም ይሸት ነበር፤ እኛም ደስ አለን። ዛሬ አዲስ ቀለም በሸተተን ቁጥር «ከበታቹ ምን ይሆን?» ማለት ልማድ ሆኖብናል።

ሐምሌ ሲገባ ከአልጋችን ራስጌ ያለው ግድግዳ ማላብ ጀመረ። ቀለሙ እየተነፋ ይረግፍ ነበር። በነሐሴ ጥቁር ሻጋታ ወጣበት፤ በዚያው ክፍል የምትተኛው ታናሽ ልጃችንም የማይለቅ ሳል ያዛት። በመስከረም ግንበኛ አምጥተን ልስኑን ባስነሣን ጊዜ፣ «የግንብ ቤት» ተብሎ የተሸጠልን ቤት ከጓዳው በኩል የጭቃ ቤት ሆኖ ተገኘ። ከውጭ ሲሚንቶ፣ ከውስጥ ጭቃና ጭድ፤ በጭቃውም ውስጥ የቆሙት ቋሚዎች በምስጥ ተበልተው በጣት ሲነኩ እንደ ሽሮ ዱቄት ይበተኑ ነበር። ግንበኛው ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ፣ «ጌታዬ፣ ይህን ቤት እስከ ዛሬ ያቆመው ቀለሙ ነው» አለን።

ጥገናው ሌላ የሁለት ዓመት ዕቁብ በላ። ወደ ሻጩም ሄደን ነበር። «አይታችሁ፣ ወዳችሁ ገዛችሁ» የሚል መልስ አገኘን፤ በውሉም ላይ ይኸው ቃል ተጽፎ በገዛ እጃችን ፈርመንበታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት ዋስ እንዲሆን መደንገጉ እውነት ነው። ነገር ግን ገዢው እያወቀ የተቀበለው ጉድለት፣ ወይም ከባድ ቸልተኛ ካልሆነ በቀር ሊያመልጠው የማይችል ግልጥ ጉድለት ሲሆን ይህ ዋስትና አያድነውም። ገዢ የገዛውን መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅም የራሱ ግዴታ ነው። እኛ ልስኑን ያስነሣነው ከስድስት ወር በኋላ፣ ክስ ለማቅረብም ዐቅሙም ጊዜውም ሳይኖረን ስለ ነበረ፣ ነገሩን ለእግዚአብሔር ሰጥተን ተቀመጥን።

ይህን የቆየ ቁስል የቀሰቀሰው የካዛንቺስ ነገር ነው።

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ከቤት ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን «ኢንቺስ» በሚል ምሕጻር የሚጠራ የመንግሥት ሠራተኞችን ቤት የሚሠራ የጣልያን ድርጅት ነበረ። እርሱ የሠራቸው ቤቶች በቋንቋቸው «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ፤ ያገራችን ሰው ለምላሱ እንዲመቸው አድርጎ ካዛንቺስ አለው። በእነዚያ የድንጋይ ቤቶች ዙሪያ ባለፉት ሰማንያ ዓመታት ውስጥ የባሕር ዛፍና የጭቃ ቤቶች ተሠርተው ሰፈሩ ሞላ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሲሆን፣ ከእነዚህ ብዙዎቹ የቀበሌ ቤት ሆኑ፤ ኪራያቸው ጥቂት፣ ጥገናቸውም እንደ ኪራያቸው ጥቂት ሆኖ አረጁ። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት የሰፈሩ ሰፊ ክፍል ፈርሶ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ስፍራዎች ተዛወረ።

አማታችን አርባ ዓመት ከኖሩበት ግቢ የወጡት በዚያ ጊዜ ነው። ይዞታቸው የግል ስለ ነበረ ካሣ ተከፈላቸው። በዕድሜያቸው ሁሉ ያን ያህል ገንዘብ በስማቸው ተጽፎ አይተው አያውቁም፤ ከዚያም ወዲያ አያዩም። የልጃቸው ማለትም የባለቤታችን ወንድም ቁጠባ ሲጨመርበት፣ የጎደለውንም ከባንክ ሲበደሩ፣ በቂርቆስ አካባቢ አንድ ቤት ሊገዛ ይችል ነበር። እርሳቸውም የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የኡራኤልን ደወል እየሰማሁ ልሙት።»

እንግዲህ ካሣ የተቀበለ ሰው እንደ ምን እንደሚጣደፍ አንባቢ ያስተውል። ገንዘቡ ተቀምጦ ዋጋው ይወጣል፤ የኪራይ ቤት ኪራይ ይበላል፤ ደላላውም በቀን ሦስት ጊዜ ይደውላል። «ዛሬ ካልቆረጣችሁ ነገ የለም፤ ከውጭ አገር የመጣ ሰው እያየው ነው» ይላል። ደላላን መስደብ ልማድ ሆኗል፤ እኛ ግን አንሰድበውም። እርሱ የሚከፈለው ቤቱ ሲሸጥ ብቻ ነው፤ እንዲያዘገየን መጠበቅ የኛ የዋህነት ነው።

የመጀመሪያው ቤት ባለ አንድ ፎቅ ነበር። ከላይኛው በረንዳ ላይ የኡራኤል ጉልላት ይታያል። አማታችን ወጥተው ይህን ባዩ ጊዜ እዚያው ቆመው ተሳለሙ፤ ከዚያም ወዲህ ሌላ ቤት ማየት አልፈለጉም። የባለቤታችን ወንድም ቀብድ ሊሰጥ ሲነሣ እኛ «ቆይ» አልን። የቀብድ ሕግ ጨዋታ አይደለምና። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ቤት የሚመረመረው ከቀብድ በፊት እንጂ በኋላ አይደለም።

«ባንኩ እኮ መሐንዲስ ልኮ አስገምቶታል። ከዚህ ወዲያ ምን ፈተና አለ?» አለ የባለቤታችን ወንድም። ነገሩ እውነት ስለ መሰለን መልስ አጣን።

መልሱን የሰጠን አንድ የቀድሞ ተማሪያችን ነው። ዛሬ የሕንጻ መሐንዲስ ሆኖ በአማካሪነት ይሠራል፤ በአምስተኛ ክፍል ሳለ የእጅ ጽሑፉ የማይነበብ መሆኑን ስናስታውስ ፕላን ማንሣቱ ይደንቀናል። «መምህር፣ የባንኩ ገማች ለባንኩ ነው የሚሠራው። ዕዳው ሳይከፈል ቢቀር ቤቱ በስንት ይሸጣል የሚለውን ያያል። ጣሪያው ያፈሳል ወይ፣ ፎቁስ እማማን ተሸክሞ ይቆያል ወይ ብሎ የጠየቀው የለም» አለን።

በአገራችን «ቤት መርማሪ» የሚባል ራሱን የቻለ ሙያ ገና አልተለመደም። በአሜሪካ ግን የቤት መርማሪዎች ማኅበር በፈረንጆች አቈጣጠር በ1976 ተቋቁሟል፤ በቨርጂኒያ የሚኖር የአጎታችን ልጅ እንደ ነገረን፣ እዚያ የሚኖሩ ያገራችን ልጆች ቤት ሲገዙ መርማሪው ከጣሪያ እስከ ምድር ቤት ዞሮ ፎቶግራፍ ያለበት ብዙ ገጽ ዘገባ ይሰጣቸዋል፤ እርሱን ሳያነቡ ውሉን አያጸኑም። በኛ ዘንድ ይህን ሥራ ሊሠራ የሚችለው ፈቃድ ያለው የሕንጻ መሐንዲስ ነው። አገልግሎቱ በደጃፍ ሰሌዳ ተጽፎ ስለማይገኝ ግን ገዢው ራሱ ፈልጎ መለመን አለበት።

መሐንዲሱ በየካቲት አንድ ቅዳሜ ጧት መጣ። አስቀድሞ የጠየቀው ፕላንና የግንባታ ፈቃድ ነው። ባለቤቶቹ የምድር ቤቱን ፕላን አመጡ፤ የፎቁን ሲጠየቁ ግን «ያን ጊዜ ማን ይጠይቅ ነበር?» አሉ። ፎቁ በኋላ የተጨመረ ነበር። መሐንዲሱ ግንበኞች «ኮለን» የሚሏቸውን ዐምዶች ለካ፤ ለአንድ ምድር ቤት ብቻ የታሰቡ ቀጫጭኖች ነበሩ። ከሳሎኑ መጋረጃ በስተኋላ በአግዳሚው ቢም ሥር የተሰነጠቀ መሥመር አገኘ። ከደረጃው ሥር ደግሞ አርማታው ረግፎ የዛገ ፌሮ ተገልጦ ነበር። ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ ሲያብጥም የለበሰውን አርማታ ከውስጥ ሆኖ ይሰብረዋል፤ ውኃ ይገባል፤ እንደ ገና ይዝጋል። ይህን ሲያስረዳን የፎቁ ተከራይ ከአጠገባችን ቆሞ ይሰማ ነበርና፣ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ በተሰማበት ሌሊት ልጆቹን ይዞ በግቢው ውስጥ እንዳደረ ነገረን።

ያገራችን ሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የሌላ አገር መከራ ይመስለዋል። ከተማችን ግን ከስምጥ ሸለቆ አፋፍ ሩቅ አይደለችም፤ በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴን እንዳፈረሰ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ።

መሐንዲሱን «እንግዛ ወይስ አንግዛ?» ብለን ጠየቅነው። «ግዙ፣ አትግዙ ማለት የኔ ሥራ አይደለም፤ ያለውን ነው የምጽፍላችሁ» አለ። ጥቂት ቆይቶ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስለ እማማ ከጠየቃችሁኝ ግን፣ እናቴን እዚያ ፎቅ ላይ አላስተኛትም» አለን።

አማታችን ሁለት ቀን አላናገሩንም። በሦስተኛው ቀን፣ «ልጁ ጉልላቱን አላየውም እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ለዚህ መልስ አልነበረንም።

ሁለተኛው ቤት የተገኘው በሚያዝያ ነው። ምድር ቤት ብቻ፣ ብሎኬት በድንጋይ መሠረት ላይ፣ ጉልላት የማይታይበት፣ ደወሉ ግን ነፋሱ ሲመች የሚሰማ ነበር። ሻጩ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። መሐንዲስ እናመጣለን ስንላቸው ፊታቸው ተለወጠ። «ሠላሳ ዓመት የኖርሁበትን ቤት ጠረጠራችሁት? ልጆቼን ያሳደግሁበት ነው እኮ!» አሉ።

«ጋሼ፣ እርስዎን አልጠረጠርንም» አልናቸው። «በሬ ቢሸጡልን ጥርሱን እናይ አልነበረም? እርስዎስ ከኛ ቢገዙ ሳያዩ ይነዱት ነበር?»

ሽማግሌው የመንዝ ሰው ነበሩና ሳቁ። «እንኪያስ አፉን ክፈቱት» ብለው በሩን ወለል አደረጉት። ከዚያም በኋላ መሐንዲሱን እየተከተሉ የማናውቀውን ጉድለት ሁሉ ራሳቸው ያሳዩት ጀመር፤ ቅን ሰው በቅንነት ሲጠየቅ እንዲህ ነው።

መሐንዲሱ የያዘው ቱንቢ፣ ውኃ ልክ፣ ትንሽ መዶሻ፣ የእጅ ባትሪና መሰላል ነው። እኛ እንዳሰብነው ከሳሎን አልጀመረም። ሩብ ሰዓት ያህል ግቢውን ዞረ። «ዝናቡ ሲዘንብ ውኃው ወዴት ነው የሚሄደው?» እያለ ይጠይቅ ነበር። በአዲስ አበባ በተለይም ወደ ደቡቡ በኩል ባለው ሜዳማ ክፍል ጥቁር አፈር ብዙ ነው፤ ይህም አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የተቀመጠውንም ቤት በየዓመቱ ያነሣዋል፣ ይጥለዋል። ስለዚህ በሻጩ ፈቃድ ከቤቱ ማእዘን አጠገብ አነስተኛ ጉድጓድ አስቆፈረ። ከላይ ጥቁር አፈር ነበረ፤ መሠረቱ ግን እርሱን አልፎ ጠንካራ ቀይ መሬት ላይ ደርሷል። «እዚህ ላይ የሠራው ሰው አልሰነፈም» አለ።

ከመኝታ ቤቱ መስኮት ጥግ እስከ ማእዘኑ ድረስ ሰያፍ የሆነ ስንጥቅ ወርዶ ነበር። እኛ ስንጥቅ ሁሉ አንድ ይመስለን ነበር። ለካስ እንደ ፀጉር የቀጠነውና በልስኑ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተበተነው፣ ልስኑ ሲደርቅ የሚያመጣው ነው፤ የሚያስፈራው በብሎኬቱ መጋጠሚያ እንደ ደረጃ እየረገጠ ሰያፍ የሚወርደው፣ አንዱ ጫፉ ከሌላው ይልቅ የሰፋው ነው፤ ከሥር የሚንቀሳቀስ ነገር መኖሩን ያመለክታልና። መሐንዲሱ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። የአሸንዳው ውኃ በቱቦ ሳይወርድ በቀጥታ በዚያ ማእዘን ላይ ይፈስ ነበር፤ ስንት ክረምት መሠረቱን አጥቧል። በስንጥቁ ጫፎች ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገ፤ በመካከሉም በሁለት ስፍራ ጀሶ ለጥፎ ቀኑን ጻፈበት። «አሸንዳውን በቱቦ አርቁት። ከሦስት ሳምንት በኋላ እመጣለሁ። ጀሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው ገና እየሄደ ነው፤ ካልተሰነጠቀ ቆሟል» አለ።

ይህን ጊዜ በድቁና የተማርነው ትዝ አለን። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 14 ስለ ታመመ ቤት ይናገራል። በግድግዳው ላይ አረንጓዴ ወይም ቀላ ያለ ሰርጓዳ ምልክት የታየበት ባለቤት ለካህኑ ይነግራል፤ ካህኑም ከመግባቱ በፊት ቤቱ ባዶ እንዲሆን ያዝዛል፤ ምልክቱን አይቶ ቤቱን ሰባት ቀን ይዘጋል፤ በሰባተኛው ቀን ተመልሶ ምልክቱ ሰፍቶ እንደ ሆነ ይመለከታል። ሰፍቶ ቢያገኘው የታመሙትን ድንጋዮች ያስወጣል፤ ግድግዳውን አስፍቆ በሌላ ጭቃ ያስለስናል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ቢመለስ ቤቱ ይፈርሳል፣ ድንጋዩና እንጨቱም ከከተማ ውጭ ይጣላል። ይህን ምዕራፍ በልጅነታችን ስናነበው ለምን እንደ ተጻፈ አይገባንም ነበር። ያም ካህን በአንድ ቀን አልፈረደም፤ ምልክቱን አየ፣ ጠበቀ፣ ተመለሰ። ሙሉ ቁም ሣጥን በተደገፈበት ግድግዳ ላይ ምን ሊታይ ይችላል? እኛም ሽማግሌውን ቁም ሣጥኑን እንዲያስነሡልን ለመንናቸው፤ ከኋላውም የእጅ መዳፍ የሚያህል ርጥበት ተገኘ።

በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ውስጥ ደላላው የተናገረውን እዚህ መጻፍ አይገባም።

በውስጥ ያየውን ሁሉ ብንተርክ ገጹ አይበቃንም። በኮርኒሱ ቀዳዳ ራሱን አስገብቶ በቆርቆሮው ላይ የዛጉ የምስማር ቀዳዳዎችን ቆጠረ፤ በቀን ብርሃን እንደ ከዋክብት ይታያሉ። ቧንቧውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አስከፈተ። የመጸዳጃ ጉድጓዱን ክዳን አስነሥቶ ከማእድ ቤቱ ግድግዳ ሁለት ክንድ እንኳ እንደማይርቅ አሳየን። ሮቶው የተቀመጠበትን የብረት እግር በመዶሻ ነካ አደረገውና ዝገቱ ረገፈ፤ 2,000 ሊትር ውኃ 2,000 ኪሎ መሆኑን አስታወሰን፤ ብዙ በሬ አናታችን ላይ እንደ ማቆም ያህል ነው። ከሁሉ የገረመን ግን ስለ ምጣዱ ነው። የእንጀራ ምጣዱ እንዲበራ ጠየቀ፤ እኛም የተራበ መስሎን ነበር። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ሶኬቱን በእጁ ጀርባ ነካው፤ ግሏል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባልና፣ ለአምፑል የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ሲሸከመው በግድግዳው ውስጥ ሳይታይ ይግላል።

አማታችንም ያለ ሥራ አልተቀመጡም። በጓዳው ደጃፍ ቆመው አየሩን ሳብ አደረጉና «እዚህ ውኃ አለ» አሉ። መሐንዲሱ አልታየውም ነበር። ወለሉን ሲያንኳኳ አንድ ስፍራ ባዶ ድምፅ ሰጠ፤ ከሊሾው ሥር የፈነዳ ቧንቧ ተገኘ። «እማማ፣ እርስዎን ነው መቅጠር» ቢላቸው፣ ከፎቁ ቤት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁለት።

ሦስት ሳምንቱ ሲያልቅ ጀሶው አልተሰነጠቀም። በመካከሉ ሁለት ብርቱ የበልግ ዝናብ ዘንቦ ነበር። መሐንዲሱ አራት ገጽ ዘገባ ጽፎ ፈረመበት፤ ቶሎ የሚሠራውን፣ ከክረምት በፊት የሚሠራውንና ሊቆይ የሚችለውን ለይቶ። ያንን ወረቀት ይዘን ከሽማግሌው ጋር ተቀመጥን። እርሳቸውም አንብበው፣ የቆርቆሮውን፣ የሽቦውንና የመጸዳጃ ጉድጓዱን ወጪ ከዋጋው ቀነሱ፤ የጓዳውን ቧንቧ በራሳቸው አሠሩ። ለመሐንዲሱ የተከፈለው ገንዘብ ከተቀነሰው ዋጋ ጋር ሲተያይ ከቁና እፍኝ ነበር።

አንባብያን ይህን ለማድረግ ብታስቡ ከኛ ልምድ ጥቂት እንጨምር። መርማሪው ደላላው ወይም ሻጩ የመረጠው አይሁን። ክፍያው ገዛችሁም አልገዛችሁም አንድ እንዲሆን አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ በቤቱ መሸጥ የሚጠቀም ሰው ዓይኑ ይደነግዛል። የሙያ ፈቃዱን ለማየት አትፈሩ፤ ቃሉንም በጽሑፍና በፊርማ ተቀበሉ። ቢቻል በክረምት ግዙ፤ ባይቻል ባልዲ ውኃ አስመጥታችሁ አፍስሱበት። መሐንዲስ ሊያየው የማይችለውም ነገር አለ፦ ቦታው በልማት ፕላን ውስጥ ገብቶ እንደ ሆነ ከግድግዳው ላይ አይነበብም፤ ይህን ከክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ነው። ከካዛንቺስ የመጣ ሰው ይህን እንዲጠይቅ መምከር እንኳ አያስፈልገውም።

በሰኔ ገቡ። የንስሐ አባታቸው መጥተው ጠበል ረጩ፤ በዚያው ቀን የባለቤታችን ወንድም አዲሱን ቆርቆሮ አስመትቶ ጨርሶ ነበር። በሐምሌ አንድ ሌሊት ያ ታላቅ ዝናብ በዘነበ ጊዜ እንቅልፍ አጥተን በማለዳ ሄድን። አማታችን ከመኝታ ቤቱ መስኮት አጠገብ ቆመው አገኘናቸው። ማንበብ አያውቁም፤ በጀሶው ላይ የተጻፈው ቀን ምን እንደ ሆነ ግን ተነግሯቸዋል። በየጧቱ ከጸሎት በኋላ በጣታቸው ይዳስሱታል። በዚያም ጧት ዳሰሱት፤ ወደኛም ዘወር ብለው «ደህና አድሯል» አሉን።

ሮቶው ግን እግሩ ገና አልተለወጠም። የባለቤታችን ወንድም «ከመስቀል በኋላ» ብሎን ነበር፤ መስቀልም አለፈ። እስከዚያው ግማሽ ድረስ ብቻ ይሞላል።